ስለ እናቶቻችን ልብ ጤንነትና ስለ እግር ጕዞ ጥቅም

በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ቤት ንጽሕና ብዙ ጊዜ ጽፈንላችኋል። ዛሬ ግን ልጆቹን አሳድገው፣ ቤቱን አቅንተው፣ ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት ወዲያ ስለ ሆነ ስለ እናቶቻችንና ስለ ባለቤቶቻችን ለመጻፍ አስበናል። ነገሩም ስለ ልባቸው ጤንነት ነው። የወር አበባዋ ለተቋረጠ ሴት የሰውነት እንቅስቃሴ ምን ያህል እንደሚጠቅማት፣ እኛም ያከበርናት መስሎን ምን ያህል እንደምንጐዳት ለማስረዳት ነው።

ይህንንም የምንጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ነገሩ በራሳችን ቤት ደርሶ ስላየነው ነው። እናታችን ዕድሜያቸውን ሁሉ የኖሩት ከነቀምቴ ወደ ዲዴሳ በሚወርደው አገር፣ በእርሻና በቡና ተክል መካከል ነበር። ማለዳ ተነሥተው ውሃ ይቀዳሉ፤ እንጨት ይሰብራሉ፤ ቡና ይለቅማሉ፤ በገበያ ቀንም ሸክማቸውን ይዘው ዳገቱን ወጥተው ቍልቍለቱን ይወርዳሉ። አባታችን ካረፉ በኋላ እኛ በፍርድ ቤት የጽሕፈት ሥራ ላይ በከተማ ተቀምጠን ሳለ እናታችን እንዲህ ሲደክሙ ማየት ነውር መስሎ ታየን። ስለዚህም «ከእንግዲህ ወዲያ የዕረፍት ጊዜ ነው» ብለን ወደ ነቀምቴ አመጣናቸው። በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው 58 ዓመት ነበር።

በከተማው ውሃው በቧንቧ ይመጣል፤ እህሉን ወፍጮ ቤት ይፈጨዋል፤ ወጡን ሠራተኛዪቱ ትሠራዋለች፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወይም ወደ ገበያ ቢያስፈልግ ባለ ሦስት እግሩ ባጃጅ ከደጃፍ ያነሣል። እናታችንም በበረንዳው ላይ ምንጣፍ ተነጥፎላቸው ከጠዋት እስከ ማታ ተቀምጠው ይውሉ ነበር። ማሰሮ ሊያነሡ ቢሞክሩ ሠራተኛዪቱን እንቈጣለን። ጎረቤቱም ሁሉ «ልጅ ማለት እንዲህ ነው» እያለ ስላመሰገነን ደስ ብሎን ኖርን።

በአራተኛው ዓመት ግን ለጥምቀት ታቦት ሲሸኙ ከዘመዶቻቸው ጋር መሄድ ተሳናቸውና ከመንገድ ዳር ተቀመጡ። ትንፋሻቸው ያጥር ነበር። እኛም «እርጅና ነው» ብለን አለፍነው። ከዚያ በኋላ አንድ ሌሊት መንጋጋቸውንና ጀርባቸውን አመማቸው፤ ላብ አጠመቃቸው፤ አቅለሸለሻቸው። «ቃር ነው» ብለን ጤና አዳም የገባበት ቡና አጠጣናቸው። ሊነጋ ሲል ሕመሙ ስላልተወ ወደ ሐኪም ወሰድናቸው። ሐኪሙም መርምሮ የደም ግፊታቸው ብዙ ከፍ ማለቱን፣ ልባቸውን የሚመግበውም የደም ሥር መጥበቡን ነገረን። እግዚአብሔር ረድቶን በሕይወት ተረፉ። ሐኪሙ መድኃኒቱን ካዘዘ በኋላ አኗኗራቸውን ጠየቀና፣ ነገሩን ሁሉ በነገርነው ጊዜ «ዕድሜ ልካቸውን ሲሠሩ የኖሩትን ሴት ከምንጣፍ ላይ ያስቀመጣቸው ማን ነው?» አለን። የሌላውን ሰው ጥፋት ስንጽፍ የምንውል ሰዎች በዚያ ቀን በተከሳሽ ስፍራ ቆመን የምንመልሰው ቃል አጣን።

ከዚያ ቀን ወዲህ ነገሩን ጠይቀንና አንብበን የተረዳነውን ለአንባቢዎቻችን እናስታውቃለን።

የሴት ልጅ የወር አበባ ብዙውን ጊዜ ከ45 እስከ 55 ዓመት ባለው ዕድሜ ውስጥ ይቋረጣል። ይህ የተፈጥሮ ሥርዓት ነው እንጂ በሽታ አይደለም፤ በኦሪትም ስለ ሣራ ተነግሯል። ነገር ግን በወጣትነቷ ጊዜ ከእንቍላል ዕጢዎቿ ይመነጭ የነበረው ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ከዚያ ወዲህ እጅግ ያንሳል። በዚህም ጊዜ የደም ሥሮቿ የመለጠጥ ኀይላቸው ይቀንሳል፤ ክፉ የሚባለው ኮሌስትሮል በደሟ ውስጥ ይጨምራል፤ ስቡም ከዳሌዋ ይልቅ በሆዷ ዙሪያ መከማቸት ይጀምራል፤ የደም ግፊቷም ከዕድሜዋ ጋር ከፍ ይላል። በወጣትነቷ ከወንድ ይልቅ ከልብ በሽታ ተጠብቃ የኖረችው ሴት ከዚህ በኋላ ያ ልዩነት እየጠበበባት ይሄዳል። የወር አበባዋ ከ45 ዓመት በፊት የተቋረጠባት፣ እንዲሁም በእርግዝናዋ ጊዜ የደም ግፊት ወይም የስኳር በሽታ ይዟት የነበረ ሴት ደግሞ ከሌሎቹ ይልቅ መጠንቀቅ ይገባታል።

ምናልባት «ሆርሞኑ ከጐደለ በመድኃኒት አይተካምን?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ይህ አሳብ ለሊቃውንቱም የመጣ ነው። በአሜሪካ አገር በ16,608 ሴቶች ላይ ኤስትሮጅንና ፕሮጀስቲን በአንድነት እየተሰጠ የተደረገው ታላቅ ምርመራ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2002 ከጊዜው በፊት እንዲቆም ተደረገ፤ ጉዳቱ ከጥቅሙ በልጦ ስለ ተገኘ ነው። ስለዚህ ይህ መድኃኒት ዛሬ በሐኪም ምክር የሚሰጠው ሰውነትን የሚያቃጥለውን ትኵሳትና ይህን የመሰለውን ችግር ለማስታገሥ ነው፤ ልብን ከበሽታ ለመጠበቅ ተብሎ አይታዘዝም።

እንግዲህ ልብን የሚጠብቀው ምንድር ነው? እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1953 ጄረሚ ሞሪስ የሚባለው እንግሊዛዊ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ የለንደንን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ሠራተኞች መርምሮ ነበር። ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይውላል፤ ቲኬት ቈራጩ ግን በደረጃው ላይ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። ሁለቱም በአንድ መኪና እየሠሩ የልብ በሽታ በተቀማጮቹ ሾፌሮች ላይ በዝቶ ተገኘ። ነገር ግን እነዚህ ሁሉ ወንዶች ስለ ነበሩ ለሴቶች የሚሆን መልስ ገና ቀርቶ ነበር።

ያም መልስ በ2002 መጣ። ዶክተር ጆአን ማንሰን የሚባሉት ሴት ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር በአሜሪካ አገር ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 79 ዓመት የሆነ፣ የወር አበባቸው የተቋረጠ 73,743 ሴቶችን ተከታትለው ነበር። ፈጠን ብላ በእግሯ የምትሄደውም ሴት፣ በብርቱ ስፖርት የምትደክመውም ሴት ከልብና ከደም ሥር በሽታ የሚያገኙት ጥበቃ ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። ይህም ጥቅም በዘር፣ በዕድሜና በውፍረት ሳይለይ በሁሉም ላይ ታየ። ረጅም ሰዓት ተቀምጣ የምትውለው ግን ለበሽታው ይበልጥ የተጋለጠች ሆነች። እርግጥ ነው፤ «የሚሄዱት ቀድሞውንም ጤነኞች ስለ ሆኑ ይሆናል» የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። ሊቃውንቱም ይህን ክርክር አስቀድመው አውቀው የትንባሆን፣ የምግብንና የሌላውንም ልዩነት አስተካክለው ቢመዝኑት የጕዞው ጥቅም አልጠፋም።

ምክንያቱም የታወቀ ነው። ሰው ሲራመድ ደሙ በፍጥነት ስለሚዘዋወር የደም ሥሮቹ የውስጥ ገጽ ሥሩን የሚያላላ ነገር ያመነጫል፤ በዚህም የደም ግፊቱ ይቀንሳል። የሚሠራው ጡንቻ ስኳሩን ከደም ውስጥ እየሳበ ያቃጥለዋል። በሆድ ውስጥ የተከማቸው ስብ ይቀንሳል። ልብም እንደ ማንኛውም ጡንቻ ሥራ ሲለምድ በጥቂት ምት ብዙ ደም መግፋት ይችላል።

ይህ ሁሉ የባሕር ማዶ ነገር ነው እንዳይባል ወደ አገራችን እንመለስ። አባቶቻችን የሚፈሩት በድንገት የሚገባውን ተላላፊ በሽታ ነበር። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አገሩን ሁሉ ባስለቀሰ ጊዜ ወለጋም ከሐዘኑ አልተረፈችም። ከዚያ ቀጥሎ፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1919፣ ዶክተር ቶማስ ላምቢ የሚባሉት አሜሪካዊ ሐኪም ከሱዳን በኩል ወደ ሰዮ፣ ዛሬ ደምቢ ዶሎ ወደምንለው አገር፣ መጥተው ሕክምና ጀመሩ። የዛሬው ጠላት ግን ቀስ ብሎ፣ ያለ ትኵሳትና ያለ ሳል የሚገባ ነው፤ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነውና። በ2007 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በተደረገው አገር አቀፍ ምርመራ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ዓመት ከሆነ ሰዎች ከመቶው 16 ያህሉ የደም ግፊታቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል፤ ከተጠየቁትም የሚበዙት ከዚያ በፊት አስለክተው አያውቁም ነበር። በዓለም ሁሉ ደግሞ በ2019 የልብና የደም ሥር በሽታ 17.9 ሚሊዮን ሰው ገድሏል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። በአገራችን ብዙ ጊዜ የምንሰማው የልብ በሽታ በልጅነት የጉሮሮ ቍስል ሳይታከም ሲቀር የልብን በሮች የሚያበላሸው ነው። እርሱ ሌላ በሽታ ነው፤ እርሱ ያለባት ሴት ምን ያህል መድከም እንደምትችል ሐኪሟን ሳትጠይቅ እንቅስቃሴ መጀመር አይገባትም።

እንግዲህ መጠኑን እንናገር። የዓለም የጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው ሁሉ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንደሚገባው አስታውቋል። ይህም ቢያንስ በቀን 30 ደቂቃ በሳምንት 5 ቀን ማለት ነው። ለቤተ ሰብ እንዲመች በሚከተለው ተራ ጽፈነዋል።

1ኛ፤ አስቀድሞ የደም ግፊትንና ስኳርን ማስለካት ይገባል። ለዚህም ከነቀምቴ ሌላ በጊምቢ፣ በአይራና በደምቢ ዶሎ ሆስፒታሎች አሉ፤ የደም ግፊት ብቻ ቢሆን በቅርብ ያለው ጤና ጣቢያም ይለካዋል።

2ኛ፤ ብዙ ጊዜ ተቀምጣ የኖረች ሴት በቀን ከ10 ደቂቃ ትጀምር፤ በየሳምንቱም ጥቂት ጥቂት ትጨምር። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል ይባላልና።

3ኛ፤ የእርምጃው ፍጥነት መለኪያው ትንፋሽ ነው። እየሄደች ከጓደኛዋ ጋር መነጋገር የምትችል፣ መዝፈን ግን የማትችል ከሆነ መጠኑ ደኅና ነው። መነጋገር ካቃታት ዝግ ትበል።

4ኛ፤ የነቀምቴ መንገድ ዳገትና ቍልቍለት የበዛበት ስለ ሆነ በመጀመሪያው ወር ደልዳላውን መንገድ መምረጥ ይሻላል። ልቧ ሲለምድ ዳገቱ ራሱ መድኃኒት ይሆናታል። ጕዞው በብርሃን፣ ከጓደኛ ጋርና በደኅና ጫማ ይሁን። መንገዱ በማያስተማምንበት ቀን በግቢ ውስጥ መመላለስ ይበቃል።

5ኛ፤ በሳምንት 2 ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ ያስፈልጋል። ጓሮ መኰትኰት፣ ጥቂት ውሃ የያዘ ጀሪካን ማንሣት፣ ከበርጩማ ላይ እጅን ሳይደግፉ ደጋግሞ መነሣት ይህን ይፈጽማል። ጕልበቷ ለማያምማት ምእመንት ስግደትም ሰውነትን ያሠራል። ዕድሜዋ ከ65 ዓመት ያለፈ ሴት ደግሞ እንዳትወድቅ፣ ግድግዳ ይዛ በአንድ እግር መቆምን የመሰለ ሚዛን የሚያስጠብቅ ልምምድ በሳምንት 3 ቀን ታድርግ።

6ኛ፤ ረጅም መቀመጥን መቍረጥ ይገባል። ቡና ሲጠጣ በአቦሉና በቶናው፣ በቶናውና በበረካው መካከል ተነሥቶ ጥቂት መመላለስ የጨዋታውን ደስታ አይቀንሰውም።

ስለ ቡና ካነሣን ዘንድ ስለ ጨውም አንድ ቃል እንጨምር። በወለጋ ቡናን በጨው መጠጣት የቈየ ልማድ ነው፤ እኛም የምንወደው ነው። ነገር ግን የዓለም የጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለት ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያልበለጠ ጨው ይበቃዋል ይላል፤ ይህም በወጡ፣ በበርበሬውና በቡናው ያለው ሁሉ ተቈጥሮ ነው። ስለዚህ የደም ግፊት ያለባት እናት ቡናዋን ያለ ጨው መልመድ ይሻላታል። መድኃኒት የታዘዘላትም ሴት «እግሬን አፍታትቻለሁና ይበቃኛል» ብላ መድኃኒቷን በገዛ ፈቃዷ ማቆም የለባትም።

ከሁሉ ይልቅ ደግሞ የአደጋውን ምልክት ማወቅ ያስፈልጋል። ደረትን የሚያስጨንቅ ወይም የሚጫን ሕመም ለወንድም ለሴትም ዋናው ምልክት ነው። በሴቶች ላይ ግን ከዚህ ጋር ወይም ያለዚህ የትንፋሽ ማጠር፣ ምክንያቱ የማይታወቅ ብርቱ ድካም፣ ማቅለሽለሽ፣ የመንጋጋ፣ የአንገት፣ የክንድ ወይም የጀርባ ሕመም፣ ብርድ ብርድ የሚል ላብ ሊታይ ይችላል። ይህ ሲሆን እኛ እንዳደረግነው ጤና አዳም በማፍላት ሌሊቱን ማሳለፍ አይገባም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው። በጕዞ ላይ ሳሉ ደረት ቢያም ወይም ራስ ቢያዞር ወዲያው ማቆምና ሐኪም ማየት ይገባል።

እናታችን ሐኪሙ ከፈቀደላቸው በኋላ ከደጃፍ እስከ ጎረቤት አጥር ድረስ በመሄድ ጀመሩ። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ጊዜ ቆመው ያርፉ ነበር። ከዚያ በኋላ እስከ መንገዱ መታጠፊያ፣ ከዚያም እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ደረሱ። ይህንም ጎረቤቱ አይቶ ዝም አላለም፤ ቀድሞ ሲያመሰግነን የነበረው ሁሉ «ባጃጅ የሚከፍልላት አጥታ ነው» ይል ጀመር። ወሬው ጊምቢ ድረስ ተሰምቶ ታናሽ እኅታችን ስልክ ደውላ «ወንድም ጋሼ፣ እናታችንን እንዲህ በእግር ማንከራተት ደግ ነው? ሰው ምን ይለናል?» አለችን። እናታችንም ስልኩን ከእጃችን ተቀብለው «ልጄ፣ ተቀምጬ ስሞት ከምታለቅሱልኝ፣ ስሄድ ሰው ቢስቅብኝ ይሻለኛል» አሏት። እኅታችንም ወዲያው በፋሲካ ስትመጣ ነገሩን በዓይኗ አይታ ከእርሳቸው ጋር መሄድ ጀመረች።

ዛሬ እናታችን 64 ዓመታቸው ነው። መድኃኒታቸውን አልተዉም፤ በጥምቀት ግን ታቦቱን እስከ ባሕሩ ሸኝተው ተመልሰዋል። ሠራተኛዪቱንም «ማሰሮውን ለምን አስነሣሻቸው» ብለን መቈጣት ትተናል።

ክቡራን አንባቢዎቻችን፣ ይልቁንም በሥልጣንና በማዕርግ ያላችሁ ሆይ፤ ከሁሉ በላይ ይህ ነገር እናንተን ይነካል። ድኻዋ እናት ሳትወድ በግድ ትሄዳለች፤ የእርሷ ችግር ዕረፍት ማጣት ነው። የሹም እናትና የሹም ባለቤት ግን መኪናና አሽከር አላቸውና ከወንበራቸው የሚያስነሣቸው ጕዳይ የለም። ስለዚህ ለእናታችሁ ከምታስነጥፉት ምንጣፍ ሌላ፣ ከሥራ መልስ ወይም በእሑድ ጧት ግማሽ ሰዓት አብራችኋት ተጓዙ። ባለቤታችሁም በማለዳ ከጓደኞቿ ጋር ወጣ ብትል «ወዴት ነው?» ብላችሁ አታስጨንቋት። መኪናውም ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ራቅ አድርጎ ያውርዳት። ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ እንዲሉ፣ እኛ በሌሊት ጭንቀት የተማርነውን እናንተ በቀን ብርሃን በንባብ ብትማሩት ደስታችን ነው።

እግዚአብሔር ለእናቶቻችን ዕድሜና ጤና ይስጥልን።